ፈፋው በደረቀ ጊዜ
በነሐሴ ወር በራዲዮ የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ያለንበት ወር ነሐሴ ነው። ገበሬ የሆነ፣ ከገበሬም ቤት የተወለደ ሁሉ የነሐሴን ጠባይ ያውቃል። በነሐሴ ምድር ሁሉ ለምልማ ትታያለች፤ ጤፉ በቅሏል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ተራራው ሁሉ ሣር ለብሷል፤ ጎተራው ግን ባዶ ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ የዘንድሮውም ገና አልደረሰም፤ ከቤት ተርፎ የነበረውም ምርጥ ምርጡ ለዘር ወጥቶ ከአፈር ገብቷል። ስለዚህ ዓይን ጥጋብን እያየ ሆድ ረኃብን የሚያውቅበት ወር ይህ ነው። እናት ልጇን፦ «ጥቂት ታገሥ፤ እሸቱ ይደርሳል» እያለች የምታባብለው በዚህ ወር ነው።

አባቶቻችን ሊቃውንት የዘመኑን ሥርዐት በሠሩ ጊዜ ይህን የድኻውን ጭንቀት አልዘነጉትም። የክረምቱን ዘመን በየክፍሉ ሲከፍሉ በነሐሴ ለሚውለው ክፍል ከሰጡት ስም አንዱ «ዕጓለ ቋዓት» የሚል ነው፤ ይኸውም የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ከእርሱም ጋር «ዓይነ ኵሉ» የሚል አለ፤ የሁሉ ዓይን ማለት ነው። ሁለቱም ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰዱ ናቸው። እስቲ እናስተውል፤ ጎተራው በጎደለበት ወር ቤተ ክርስቲያን በዜማዋ የምታነሣው አፉን ከፍቶ የሚጠብቀውን ጫጩትና ወደ ሰማይ የሚመለከተውን ዓይን ነው።

መምህራን ስለዚህ ጫጩት ሲተረጕሙ እንዲህ ይላሉ፦ የቁራ ጫጩት ከእንቁላሉ በወጣ ጊዜ መልኩ ወላጆቹን አይመስልምና ትተውት ይሸሻሉ፤ እርሱም አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ይጮኻል፤ እግዚአብሔርም ጥቃቅን ተሐዋስያንን ወደ አፉ እየሰደደ፣ ላባ አውጥቶ እስኪጠቍር ድረስ ይመግበዋል። የአዕዋፍን ኑሮ የሚመረምሩ ሰዎች ቁራ ለጫጩቶቹ ምግብ የሚያመጣ ወፍ መሆኑን ይነግሩናል፤ እውነትም ነው። የአባቶቻችን ትርጓሜ ግን የሚናገረው ስለ ተተወች ነፍስ ነው። አባት የሌለው፣ ዘመድ የሸሸው፣ ደመወዙ የተቋረጠበት፣ በሰው አገር በሰው ቤት እያገለገለ ደዌ ያገኘው ሰው፣ ይህ ሁሉ ያ ጫጩት ነው። ጕልበቱ አፉን መክፈት ብቻ ነው፤ ሀብቱም ጩኸቱ ብቻ ነው።

ዛሬ ልንነግራችሁ የወደድነው ቃል ይህ ነው፦ እግዚአብሔር በደረቅ ዘመን ከልጆቹ አይለይም። ነገር ግን በዚያ ዘመን የሚመግበን ለዓመት በሚበቃ ሳይሆን በዕለት ልክ ነው፤ የሚመግብበትም እጅ ብዙ ጊዜ ራሱ የተራበ እጅ ነው። ይህንም ከነቢዩ ከኤልያስ ታሪክ እንማራለን።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ16ኛውና በ17ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ አክዓብ በእስራኤል ላይ በነገሠ ጊዜ ከሲዶናውያን ንጉሥ ልጅ ከኤልዛቤል ጋር ተጋብቶ ለበኣል ሰገደ። በዚያን ጊዜ ቴስብያዊው ኤልያስ በንጉሡ ፊት ቆሞ፣ በቃሉ ካልሆነ በቀር ጠልም ዝናምም በምድር ላይ እንዳይወርድ ተናገረ። ይህን ከተናገረ በኋላ እግዚአብሔር ኤልያስን ወደ ዮርዳኖስ ማዶ፣ ኮራት ወደሚባል ፈፋ ሰደደው። በዚያም ከፈፋው እንዲጠጣ፣ ቁራዎችም እንዲመግቡት አዘዘ። ቁራዎቹም በጧት እንጀራና ሥጋ፣ በማታም እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር።

ምእመናን ሆይ፣ በዚህ ስፍራ ሁለት ነገር እናስተውል።

መጀመሪያ፣ ቁራ በኦሪት ሕግ ርኩስ ከተባሉት ወፎች አንዱ ነው፤ ይህም በኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። በኖኅ ዘመንም ከመርከብ ወጥቶ መልእክቱን ሳያደርስ የቀረው እርሱ ነው። እግዚአብሔር ርግብ አጥቶ አይደለም ቁራን የላከ። ነቢዩ ራቱን የሚጠብቀው እጁን ሊሰጠው ከማይወድደው ፍጥረት እንዲሆን ፈቀደ። እኛም በችግራችን ጊዜ «ከእገሌ እጅስ አልቀበልም» የምንለው ሰው አለን። ምናልባት የተላከልን እርሱ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ቁራዎቹ የሚመጡት በጧትና በማታ ነው። የአንድ ወር ስንቅ በአንድ ቀን አላመጡም። ኤልያስ ማታ በልቶ ሲተኛ ለነገ የሚሆን ምንም ነገር ከአጠገቡ አልነበረም፤ የነበረው የእግዚአብሔር ቃል ብቻ ነው። ጌታችን ባስተማረን ጸሎት የምንለምነው የዕለቱን ምግብ መሆኑን አንርሳ። የዓመት ቀለብ ቢሰጠን ዓመቱን ሙሉ እንረሳው ነበርና፣ በየጧቱ የሚያገናኘን ጕድለት አንዳንድ ጊዜ በረከት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚከተለው ነገር ግን ከባድ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ያ ፈፋ ደረቀ። ኤልያስ ወደዚያ የሄደው በገዛ ፈቃዱ አልነበረም፤ እግዚአብሔር አዝዞት ነው። ኃጢአት ሠርቶም አልነበረም፤ ሲታዘዝ ነው። ታዲያ እግዚአብሔር ራሱ ባሳየው ስፍራ ውኃው በየቀኑ ሲቀንስ፣ ድንጋዩ ሲገለጥ፣ ጭቃው ሲሰነጠቅ በዓይኑ አየ። ከእኛ መካከልም እንዲህ ያለ ሰው አለ። በጸሎት የጀመረው ሥራ የፈረሰበት፣ በተክሊል የገባበት ትዳር የደረቀበት፣ ለእግዚአብሔር ቤት እያገለገለ ጤናው የተለየው አለ። ጎረቤት ያን ሰው አይቶ «ምን በድሎ ይሆን?» ይላል፤ እርሱም ራሱን እንዲሁ ይጠይቃል። የኤልያስ ፈፋ ግን ይመስክርለት። የፈፋው መድረቅ እግዚአብሔር ሰውየውን ለመተዉ ምልክት አይደለም። ፈፋው ሲደርቅ ያላለቀ አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ ተነሥቶ ወደ ሰራፕታ እንዲሄድ ሁለተኛ ቃል መጣለትና።

ሰራፕታ በጢሮስና በሲዶና መካከል በባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ዛሬ የሊባኖስ አገር በሆነው ምድር ትገኛለች። በዚያ ጊዜ የኤልዛቤል አባት አገር ነበረች። እግዚአብሔር ነቢዩን ከምታሳድደው ንግሥት ሲሰውረው ወደ ንግሥቲቱ የትውልድ ምድር ሰደደው። እዚያም ቀላቢ እንዲሆነው ያዘዘለት ባለጸጋ ነጋዴ ወይም ሹም አልነበረም። መበለት ናት፤ ያውም የራሷንና የልጇን የመጨረሻ ራት ለማብሰል ከከተማው በር እንጨት የምትለቅም መበለት።

ነቢዩ በመጀመሪያ ውኃ ለመናት፤ ልታመጣለትም ሄደች። ቀጥሎ ቍራሽ እንጀራ በለመናት ጊዜ ግን እውነቱን ነገረችው። በማድጋዋ ያለው ዱቄት አንድ እፍኝ ነው፤ በማሰሮዋም ያለው ዘይት ጥቂት ነው፤ እርሱን ከልጇ ጋር በልታ ሞትን ትጠብቃለች። ኤልያስም አስቀድማ ለእርሱ ትንሽ እንጎቻ እንድታደርግ፣ ከዚያም ለራሷና ለልጇ እንድታዘጋጅ፣ ዝናም እስኪዘንብ ድረስ ማድጋው ባዶ እንደማይሆን ነገራት። እርሷም እንደ ቃሉ አደረገች፤ ብዙ ቀንም በሉ።

መጽሐፍ ማድጋው እስከ አፉ ሞላ አላለም። የተባለው ዱቄቱ አላለቀም ነው። ያቺ መበለት በየጧቱ ወደ ማድጋው ስትጎነበስ የምታየው ያው ከሥር ያለውን ጥቂት ዱቄት ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤት ገብቶ ቢመለከት «ይህች ሴት ድኻ ናት» ባለ ነበር። ተአምሩ ለውጭ ሰው አይታይም ነበር። እንዲህ ያለ ተአምር በብዙዎቻችን ቤት አለ። ያለፉትን ክፉ ዓመታት ዘወር ብለን ብናስብ፣ እንዴት እንደ በላን፣ የልጆቹን ልብስና የቤቱን ኪራይ እንዴት እንደ ሸፈንን መናገር አንችልም። በወረቀት ብንጽፈው ወጪው ከገቢው ይበልጣል። ነገር ግን እነሆ፣ ቆመናል።

ከራሳችን ሕይወት አንድ ነገር እንንገራችሁ። በልጅነታችን ቅኔ ቤት በነበርንበት ጊዜ፣ እንደ ተማሪ ልማድ ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ እንለምን ነበር። በአንድ ዓመት በዚያ አገር ሰብሉን በረዶ መትቶት ስለ ነበር፣ ነሐሴ ሲገባ የሚሰጥ ሰው ጠፋ። ሰዉ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ከቤቱ ምንም ስላልነበረው ነው። ሦስት ቀን አኩፋዳችን ባዶውን ተመለሰ። በጎጆአችን ደግሞ አንድ ባልንጀራችን በብርድ ታሞ ተኝቶ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከመንደሩ ዳር ካለች አንዲት ጎጆ ደረስን። አንዲት አሮጊት እናት በምጣድ ባቄላ ያምሱ ነበር፤ ባቄላውም ሁለት እፍኝ የሚሞላ አልነበረም። ስማችንን ሳይጠይቁ ምጣዱን አወረዱና ባቄላውን በእጃቸው ከሁለት ከፈሉት፤ እኩሌታውንም ወደ አኩፋዳችን ገለበጡት። እኛም አፍረን፦ «እማማ፣ ለእርስዎ ምን ይቀራል?» አልናቸው። እርሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ የእኔም ልጅ እንዳንተ ደበሎ ለብሶ ለትምህርት ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ ሰዓት በማን ደጅ እንደ ቆመ አላውቅም። እኔ አንተን ከከለከልሁህ ለእርሱ ማን ይሰጠዋል?»

የነገሩን ፍጻሜ መሸሸግ አይገባንምና እንናገራለን። ወደ ጎጆአችን ስንመለስ በመንገድ ላይ እጃችን ወደ አኩፋዳው ገባ። አንድ ፍሬ ብለን ጀመርን፤ ከጎጆው ስንደርስ የቀረው ከግማሽ በታች ነበር። የተረፈውን ለታመመው ባልንጀራችን ሰጠነው። እርሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ ተመለከተውና፦ «አንተስ?» ብሎ ከዚያው እኩሌታውን ከፍሎ በእጃችን ላይ አኖረ። የበላነውን ልንነግረው አልቻልንም። ያን ባቄላ የዚያን ዕለት መዋጥ አቃተን። በቅኔ ቤት ብዙ ተምረናል፤ ከዚያ እፍኝ የተማርነው ግን እስከ ዛሬ አልወጣልንም። በደረቅ ዘመን እግዚአብሔር የሚልከው እንጀራ በየእጁ ያልፋል። በአሮጊቷ እጅ አለፈ፣ በታመመውም እጅ አለፈ፤ የቆመው በእኛ እጅ ነው።

ከዚህ ላይ ከእናንተ መካከል አንዱ እንዲህ ብሎ ቢጠይቀን እውነት አለው፦ «አባታችን፣ ማድጋው ያለቀባቸውስ? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ፣ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. በረኃብ ያለቁት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ወደ እግዚአብሔር አልጮኹምን?» ይህን ጥያቄ በቀላል ቃል ልናልፈው አንደፍርም። እነዚያ ሰዎች እምነት ስላነሳቸው ሞቱ የሚል ሰባኪ ቢኖር ቃሉ የእግዚአብሔር ቃል አይደለም። ጮኸዋል፤ ጩኸታቸውም ተሰምቷል። ዳሩ ግን በ1966 ዓ.ም. በዚያ ምድር ሰው ሲረግፍ በሌላው የአገራችን ገበያ እህል ይሸጥ ነበር፤ የረኃቡም ወሬ ለብዙ ጊዜ ተሸሽጎ ቆይቷል። እግዚአብሔር በኤልያስ ዘመን ቁራን አዘዘ፤ ቁራው ታዘዘ። መበለቲቱን አዘዘ፤ እርሷም ታዘዘች። በየዘመኑ ሰውን ያዝዛል፤ ሰው ግን ጆሮውን ይደፍናል። ስለዚህ የእነዚያን ሞት ባሰብን ቁጥር «እግዚአብሔር ወዴት ነበረ?» ከማለታችን በፊት «የታዘዘው እጅ ወዴት ነበረ?» ብለን ራሳችንን እንመርምር። ከዚህ አልፎ ያለውን የሐዘን ጥልቀት ግን በእንባ እናቀርባለን እንጂ አንተረጕመውም።

በሰራፕታ ቤትም ሐዘን ገብቷልና። ማድጋው ባልጎደለበት በዚያው ቤት የመበለቲቱ ልጅ ታምሞ ሞተ። እርሷም በምሬት ነቢዩን ወቀሰችው፤ ኃጢአቷን ሊያሳስብና ልጇን ሊገድል የመጣ መሰላት። ኤልያስ አልተቈጣትም፤ «እምነትሽ ወዴት ነው?» አላላትም። የሞተውን ልጅ ከብብቷ ተቀብሎ ወደሚያድርበት ሰገነት አወጣው፤ በራሱ አልጋ ላይ አስተኛው፤ እርሱም ስለ እርሷ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ሦስት ጊዜ በልጁ ላይ ተዘረጋ፤ የልጁም ነፍስ ተመለሰች። ከዚህ የምንማረው ሐዘንተኛን መገሠጽ የነቢይ ሥራ አለመሆኑን ነው። የነቢይ ሥራ የሰውን ሐዘን ወደ ራስ አልጋ መውሰድ ነው። በኋላም ኤልያስ ራሱ ደክሞት ከክትክታ ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ፣ እግዚአብሔር በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውኃ ላከለት እንጂ በዘለፋ አልቀጣውም።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፣ ምን እናድርግ?

በችግር ያለህ ወንድም፣ በችግር ያለሽ እኅት ሆይ፤ ችግርን እንደ ነውር አትሸሽጉት። መበለቲቱ «እፍኝ ዱቄት ብቻ አለኝ» ብላ እውነቱን በተናገረች ጊዜ የተስፋውን ቃል ሰማች። የቁራ ጫጩት ባይጮኽ አፉ አይከፈትም ነበር። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ለጎረቤት ንገሩ፤ ከሁሉ አስቀድሞ በጸሎት ለእግዚአብሔር ንገሩ። ለዓመቱ አትጨነቁ፤ ዛሬን ለምኑ፣ ነገን ደግሞ ነገ ለምኑ። ከእፍኛችሁም ላይ ቢሆን ለሌላው ቈንጥሩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደ ተባለ፣ ሊሰጥ ከልቡ ለወደደ ሰው የሚሰጠው አይጠፋም፤ እንጀራ ባይኖር የሰላምታ ቃል፣ ለታመመ ውኃ ማቅረብ፣ ላዘነ ሰው አጠገብ መቀመጥ አለና።

ማድጋችሁ የሞላ ወገኖች ሆይ፤ እናንተም ተጠንቀቁ። የፍልሰታን ጾም የጾማችሁ ሁሉ፣ በጾም የተረፈው ምግብ የድኻው ድርሻ መሆኑን አባቶች ያስተማሩትን አስታውሱ። ያ ምግብ በጎተራችሁ ከቀረ ጾሙ ማትረፊያ ሆነ ማለት ነው። ከቤታችሁ አጠገብ ጢሱ የማይታይ ጎጆ፣ በኪራይ ቤት በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ቢኖር፣ ለእርሱ የታዘዛችሁት ቁራ እናንተ ናችሁ። ቁራ እንኳ ሆዳም ወፍ ሲሆን በአፉ የያዘውን ሥጋ ሳይውጥ ለነቢዩ አደረሰ። እኛ በመንገድ የበላነውን ባቄላ አስቡና እናንተ ሳትበሉት አድርሱ።

ጌታችን በናዝሬት ምኵራብ ባስተማረ ጊዜ ይህችን መበለት አንሥቷታል። ሰማይ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በተዘጋ ጊዜ በእስራኤል ብዙ መበለቶች ሳሉ ኤልያስ የተላከው ወደ እርሷ መሆኑን ተናገረ። ስሟ አልተጻፈም፤ እፍኟ ግን ተጻፈ። የዚያች የባቄላ እናትም ስማቸውን ሳንጠይቅ ቀረን፤ በዚያ የሕይወት መጽሐፍ ግን ተጽፎ እንደምናገኘው ተስፋ እናደርጋለን።

በመጨረሻም ዝናሙ መጣ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ራስ ላይ ተጎንብሶ ሳለ ብላቴናውን ሰባት ጊዜ ወደ ባሕር እንዲመለከት ላከው። ስድስት ጊዜ ምንም አላየም፤ በሰባተኛው የሰው እጅ የምታህል ትንሽ ደመና ከባሕር ስትወጣ አየ። ከዚያች እጅ ከምታህል ደመና ሰማዩ ሁሉ ጠቍሮ ብዙ ዝናም ሆነ። ምናልባት ከእናንተ አንዱ ስድስት ጊዜ ተመልክቶ ምንም ያላየ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ጊዜ ደግሞ ተመልከት። በዚያ መካከል ግን፣ ሰማዩ ገና እንደ ናስ ሳለ፣ ከአጠገብህ የተዘረጋች የሰው እጅ ካለች እርሷን አትናቅ። አንተም እጅህን ወደ ጎረቤትህ ዘርጋ፤ ለእርሱ የመጀመሪያዋ ደመና እርሷ ትሆናለችና።

ዕጓለ ቋዓትን የሚመግብ፣ የሁሉ ዓይን ተስፋ የሚያደርገው አምላካችን እግዚአብሔር፣ የተራቡትን ያጥግብልን፤ የታመሙትን ይፈውስልን፤ ያዘኑትን ያረጋጋልን፤ የእርሻችንን ፍሬ ባርኮ ለመኸር ያድርስልን። እጃችንንም ለትእዛዙ የማይዘገይ እጅ ያድርግልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የነቢዩ የቅዱስ ኤልያስ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።